የሚያውቅ ሰው መንገድ ሲስት

ከመተማ ተነሥታችሁ በሄሊኮፕተር ወደ ጐንደር ትሄዳላችሁ እንበል። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ነው፤ የሰሊጡ ማሳ ሜዳ ስለ ሆነ ዐይን የሚከለክል ነገር የለም። ጐንደር ግን ከ2000 ሜትር በላይ ነው። ርቀቱ በቀጥታ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አብራሪው አቅጣጫውን በ5 ዲግሪ ብቻ ቢስት፥ በመጨረሻው ላይ ከመንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። በቈላው ሜዳ ላይ ሳለ ይህ ስሕተት አይጐዳውም፤ የክረምት ደመና በሸፈነው በደጋው አፋፍ ላይ ግን ያው ስሕተት ሕይወት ያጠፋል።

ይህስ የጀማሪ ስሕተት ነው ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ታኅሣሥ 9 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767፥ ኪሊማንጃሮ ማረፍ ሲገባው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአሩሻ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። የሁለቱም ማረፊያ መንገዶች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው። የኪሊማንጃሮው 3600 ሜትር ገደማ ሲረዝም የአሩሻው 1620 ሜትር ብቻ ነው። የአውሮፕላኑ ጐማ ከአስፋልቱ አልፎ ሣሩ ላይ ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ የተጐዳ ሰው አልነበረም።

ሁሉም እንዲህ በደኅና አያልፍም። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. በሌሊት፥ አንድ የአይርላንድ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር አራት ባልደረቦች ይዞ ነዳጅ ለመቅዳት ብላክሶድ ወደሚባል ስፍራ ይበር ነበር። አብራሪዎቹ ልምድ ያላቸው ነበሩ። የተከተሉት የመንገድ መምሪያ የሚጀምረው ብላክሮክ ከምትባል ደሴት ነው። የደሴቲቱ ከፍታ 86 ሜትር ሲሆን፥ እነርሱ የሚበሩት በ60 ሜትር ገደማ ነበር። መሬት ሲቀርብ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ደሴቲቱን በመዝገቡ አልያዛትም። በጨለማ በሚያሳይ ካሜራ ይመለከት የነበረው ባልደረባ አይቷት ወደ ቀኝ እንዲታጠፉ ተናገረ፤ ዳሩ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። አራቱም ሞቱ።

ልብ በሉ፤ ጀማሪ ስለሚፈራ ደጋግሞ ያያል። የለመደ ሰው ግን ማየት የሚጠብቀውን ያያል፤ ብዙ እጅ ያለፈበትን ወረቀትም አይጠራጠርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ይህ ነው።

ነገሩ ለበራሪ ብቻ አይደለም። የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች የተለኩት አዲንዳን ከሚባል ነጥብ ተነሥቶ ነው። የዛሬው የሳተላይት መሣሪያ መነሻ ግን ሌላ ነው። የአንዱን ቍጥር ሳያስተካክል በሌላው ላይ ያሰፈረ ሰው ከመቶ ሜትር በላይ ይስታል። በመተማ ሜዳ ላይ መቶ ሜትር የአንድ ገበሬ ማሳ ነው፤ ገበሬው በጎረቤቱ መሬት ላይ ተመዝግቦ ቢገኝ የሚከተለውን ጠብ እናንተው ገምቱት።

እኔ ራሴ በቅርቡ በሰሌዳ ላይ የካርታ ሚዛን ስጽፍ አንድ ዜሮ ዘለልሁ። ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ ገለበጠ። አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አውጥታ፥ «መምህር፥ እንዲህ ከሆነማ ጐንደር ከትምህርት ቤታችን ደጃፍ ናት!» አለችኝ። አፈርሁ፤ ግን አመሰገንኋት።

እናንተም በመሥሪያ ቤታችሁ አለቃችሁ ሃያ ዓመት የሠሩበት ወረቀት ቢሆን እንኳ፥ ያልገባችሁን ቍጥር ዝም ብላችሁ አትገልብጡ። «ጌታዬ፥ ይህችን አንድ ጊዜ ብናያት» ማለት ድፍረት አይደለም፤ ሥራ ነው። አለቃ የሆናችሁም፥ እንዲህ ያለውን ድምፅ በጊዜ ስሙት።