ስለ ቤት ጥንቸል ሲሳይ

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን፣ በአገራቸው ሳሉ ጥንቸልን ከሩቅ በሜዳ ላይ ስትፈተለክ ከማየት በቀር ከእርስዋ ጋር ሌላ ጕዳይ ያልነበራቸው ሰዎች፣ ዛሬ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ዘንድ አይተው ስለ ወደዱአትና አጥብቀው ስለ ለመኑአቸው፣ ይህችን ጸጥተኛ ፍጥረት ወደ ቤታቸው አስገብተው መጋቢዎችዋ ሆነዋል። ልጅን ደስ ማሰኘት የተገባ ነገር ነውና ይህን የሚነቅፍ የለም፤ ነገር ግን እንስሳን ከቤት ማስገባት አደራን መቀበል፣ የአደራውም ዐቢይ ክፍል መብል ስለሆነ፣ በእንስሳት መደብር መደርደሪያ ፊት ቆሞ ከዚያ ሁሉ ባለ ሥዕል ከረጢት መካከል የትኛውን ማንሣት እንደሚገባ ማወቅ ለእንደዚህ ያለው ቤተ ሰብ ቀላል አይደለም። በእኔም ቤት አንዲት ጥንቸል ስላለች፣ ጥያቄውንም ከአንድ በላይ ወላጅ ስላቀረበልኝ፣ የዛሬውን ዓምድ ፔሌት ለሚባለው እንክብል መኖ ሰጥቼዋለሁ።

በመኖው ላይ ለመፍረድ አስቀድሞ የእንስሳይቱን ተፈጥሮ መመርመር ያስፈልጋል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር ቈጥሮ፣ ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ ስለሆነ ግን ከሚበሉት እንስሳት ለይቶአታል። እንደ ላምና እንደ በግ በአራት የተከፈለ ጨጓራ የላትም፤ ይሁን እንጂ ከጨጓራዋ ብዙ እጥፍ በሚሰፋው ዕውር አንጀትዋ ውስጥ፣ ዐይን የማያያቸው ረቂቃን ነፍሳት ሣሩን አብላልተው ወደ ፕሮቲንና ወደ ቪታሚን ይለውጡታል፤ ከዚያም ያ የተብላላው፣ ለስላሳ በጠጥ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊትና በማለዳ ሲወጣ፣ ምድር ሳይነካ በአፍዋ ተቀብላ እንደ ገና ትውጠዋለች። አንዱን መብል ሁለት ጊዜ በሆድዋ የምታሳልፍ ፍጥረት ከሚያመሰኩት ጋር ብትቈጠር አያስደንቅም። ይህ ጥበብ የተሞላበት ሥርዓት ሁሉ የቆመው በአሰር ላይ ነው፤ የማይፈጨው ሻካራ የሣር ቃጫ አንጀትን እየገፋ ያንቀሳቅሳል፤ እርሱ ሲጐድል አንጀት ይደክማል፣ ስታርችና ስኳር ሲበዛ ደግሞ ጠቃሚዎቹ ረቂቃን ተሸንፈው ነፋስና መርዝ የሚያመነጩት ይሠለጥናሉ፤ ጥንቸልም ማስታወክ የማይቻላት ስለሆነች ከገባው ክፉ ነገር የምታመልጥበት በር የላትም። ጥርሶችዋ ደግሞ 28ቱም ዕድሜ ልክ ማደጋቸውን የማያቋርጡ ናቸው፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራሉ፤ የሚሞርዳቸውም በቀን ብዙ ሰዓት ሣር ማኘክ ብቻ ነው።

እንግዲህ እንክብሉ መኖ ከመነሻው የታሰበው በሳሎን ምንጣፍ ላይ ለምትመላለስ ጥንቸል አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1928 በካሊፎርንያ፣ ፎንታና በምትባል ስፍራ የጥንቸል ምርምር ጣቢያ ያቋቋመው የሥጋንና የፀጕርን ንግድ ለማገልገል ነበር። በ1977 የዚያው አገር ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያወጣው ሠንጠረዥም ይህንኑ መንፈስ ይከተላል፤ ለምታድገው ጥንቸል 16 በመቶ ፕሮቲንና ከ10 እስከ 12 በመቶ አሰር፣ ለምታጠባዪቱ 17 በመቶ ፕሮቲን መደበ። ነገር ግን እዚያው ሠንጠረዥ ላይ፣ ዕድገትዋን ጨርሳ ሳትወልድ ለምትቀመጠው ሲደርስ፣ ፕሮቲኑን ወደ 12 በመቶ ዝቅ፣ አሰሩን ወደ 14 በመቶ ከፍ ማድረጉን ያስተዋለ ሰው፣ ለአርቢ የሚጠቅመውና ለቤት እንስሳ የሚጠቅመው መንገዳቸው የተለያየ መሆኑን ከአርቢዎቹ መጽሐፍ ራሱ ይማራል። ለሥጋ የምትረባዪቱ በሁለትና በሦስት ወር ዕድሜዋ ለእርድ ስለምትቀርብ፣ በዚያ አጭር ጊዜ መስባትዋ እንጂ በአምስተኛው ዓመት ጥርስዋና ኩላሊትዋ እንዴት እንደሚሆን ባለቤትዋን አያሳስበውም። የቤት ጥንቸል ግን በመልካም አያያዝ ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። በሥርዓተ ሃይማኖቱ ሥጋዋን የማይበላ፣ ለፍቅር ብቻ በቤቱ ያኖራት ኦርቶዶክሳዊ ቤተ ሰብ፣ ለማስባት የተቀመመውን መኖ የሚሰጥበት ምክንያት ከቶ ምንድር ነው? ማሪኔል ሃሪማን በ1985 ስለ ቤት ጥንቸል የጻፈችው መጽሐፍና በ1988 በካሊፎርንያ የተመሠረተው የቤት ጥንቸል ማኅበር ይህን ልዩነት ለብዙዎች ስላስገነዘቡ ምስጋና ይገባቸዋል።

ስለዚህ ከረጢቱን ስታነሡ የፊቱን ሥዕል ትታችሁ ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው የአሰሩ ቍጥር ነው፤ ከ18 በመቶ ማነስ የለበትም፣ ከ20 እስከ 25 ቢሆን ይበልጥ የተመሰገነ ነው። ፕሮቲኑ ላደገች ጥንቸል ከ12 እስከ 14 በመቶ ይበቃታል፣ ስቡም ከ3 በመቶ ባያልፍ መልካም ነው። ቀጥሎ የመኖው ይዘት በክብደቱ ቅደም ተከተል ተጽፎ ይገኛልና፣ የመጀመሪያው ስም ቲሞቲ የሚባለው ሣር ወይም ሌላ የሣር ድርቆሽ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል፤ በቆሎ ወይም ሌላ እህል በመጀመሪያ ከተጻፈ፣ በላዩ የቱንም ያህል ስለ ጤና ቢነገርበት፣ ያ ከረጢት ለቤት ጥንቸል የሚሆን አይደለም።

ስለ አልፋልፋ ጥቂት ማብራራት አስፈላጊ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርሱ ነውና። አልፋልፋ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነ ተክል ስለሆነ ከሣር ይልቅ ፕሮቲንና ካልሲየም ይበዛበታል። ይህም ከስድስት ወይም ከሰባት ወር በታች ለሆነች፣ አጥንትዋና ጡንቻዋ ገና ለሚገነባ ግልገል፣ እንዲሁም ለእርጕዝና ለምታጠባ፣ የተወደደ ሲሳይ ነው። ላደገችው ግን ሸክም ይሆንባታል። አብዛኞቹ ሌሎች እንስሳት ከመብላቸው ካልሲየም የሚወስዱት በሚያስፈልጋቸው መጠን ሲሆን፣ ጥንቸል ግን የቀረበላትን አብዛኛውን ወደ ደምዋ ታስገባና የተረፈውን በኩላሊትዋ በኩል ታስወጣዋለች፤ ስለዚህም በካልሲየም የበለጸገ መኖ ዘወትር የምትበላ ጥንቸል ሽንትዋ እንደ ኖራ ውሃ ይነጣል፣ ይወፍራልም፤ ውሎ ሲያድርም አተላው በፊኛዋ ውስጥ ይዘቅጥና ታላቅ ሥቃይ ያመጣባታል። ካልሲየሙ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ባለው መካከል ያለ፣ መሠረቱ ቲሞቲ የሆነ መኖ ይህን ጭንቀት ያስቀራል።

አሁን ደግሞ ልጆች በመደብሩ ውስጥ እጃቸውን ወደሚዘረጉበት፣ በቀይና በቢጫ ፍርፋሪ፣ በዘርና በደረቅ ፍሬ ወደ ተዋበው ድብልቅ መኖ እንምጣ። ሙዝሊ ይሉታል። በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ሊቃውንት 32 ጥንቸሎችን በአራት ክፍል መድበው፣ ለአንዱ ክፍል ድርቆሽ ብቻ፣ ለሁለተኛው እንክብልን ከድርቆሽ ጋር፣ ለሦስተኛው ሙዝሊን ከድርቆሽ ጋር፣ ለአራተኛው ያለ ድርቆሽ ሙዝሊ ብቻ እየሰጡ 17 ወር ሙሉ ተከታትለዋቸዋል። ሙዝሊ የቀረበላቸው ጥንቸሎች ከውስጡ የሚጣፍጣቸውን እየለቀሙ ሌላውን ይተዉ ነበር፤ ድርቆሽ አብሮ የተሰጣቸው እንኳ፣ እንክብል ከተሰጣቸው ይልቅ ድርቆሹን በጥቂቱ ነው የበሉት፤ ያለ ድርቆሽ ሙዝሊ ብቻ የበሉት ደግሞ የጥርስ መርዘምና መጣመም፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ታይቶባቸዋል። እኔ ከዚህ ምርመራ ወዲህ ድብልቁ በየመደርደሪያው መቀጠሉን እንደ ታላቅ በደል እቈጥረዋለሁ፤ እንስሳይቱ መናገር አትችልምና። እንክብል ግን እያንዳንዱ ፍሬ ከሌላው ጋር አንድ ስለሆነ ለመምረጥ አይመችም፤ ቡናማና አረንጓዴ፣ ለዐይን ምንም የማያስደስት መሆኑ መልካምነቱ ነው። የእርጎ ጠብታ፣ በማር የተለወሰ የእህል ዱላ፣ ለውዝና የደረቀ ሙዝ ለጥንቸል ተብለው ቢሸጡም ለእርስዋ አልተፈጠሩም።

ይህን ሁሉ አስተካክሎ የመረጠ ሰው በመጠኑ ሊሳሳት ይችላል፤ በተለይም በእኛ ቤት። የሐበሻ ፍቅር ዋነኛ መግለጫው ማብላት ነው፤ «በሞቴ» ተብሎ ሳይጐርስ የሚነሣ እንግዳ የለም፤ ልጆቻችንም ያንኑ ጠባይ ወርሰው፣ ጥንቸሊቱ በኋላ እግርዋ ቆማ በለመነች ቍጥር ሳሕንዋን ይሞላሉ። ነገር ግን 2.3 ኪሎ ለምትመዝን ያደገች ጥንቸል በቀን ሩብ ኩባያ እንክብል ከበቂ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሐኪሞችም ለጐለመሰችው ከዚያ ግማሹን ያዝዛሉ። ከመብልዋ ከአምስት እጅ አራቱ፣ እንዲያውም የሚበልጠው፣ ሌሊትና ቀን ከፊትዋ የማይጐድል ድርቆሽ ሊሆን ይገባል፤ በላዩም በየቀኑ ትንሽ ቅጠላ ቅጠል ይጨመርላታል። በእንክብል የጠገበች ጥንቸል ድርቆሹን አትነካም፤ የወፈረችውም ጐንበስ ብላ ያን ለስላሳ በጠጥ ከሥሯ ማንሣት ስለሚሳናት ፈጣሪ ከሰጣት ሁለተኛ ሲሳይ ትለያለች። ስለዚህ ልጆቹ መስጠት ሲፈልጉ የሚሰጡት አንድ ጭብጥ ድርቆሽ ይሁን፤ ፍቅራቸውም አይቀንስም፣ እርስዋም አትጐዳም።

መኖው የተዘጋጀበትን ወይም የሚያበቃበትን ቀን መመልከት፣ በሁለት ወር ውስጥ የሚያልቅ ትንሽ ከረጢት መግዛት፣ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ማስቀመጥም ያስፈልጋል፤ ቪታሚኑ በጊዜ ብዛት ይጠፋል፣ ሻጋታም ለጥንቸል ጉበት መርዝ ነው። ከአንዱ መኖ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ለውጡ፤ ድንገተኛ ለውጥ የዕውር አንጀትን ነፍሳት ያውካል። ጥንቸል ለ12 ሰዓት ምንም ሳትበላ፣ በጠጥም ሳትጥል ከቆየች፣ ሌሊት ቢሆንም እንኳ ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ነው እንጂ እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም።

በአዲስ አበባ ጥንቸል የሚያሳድጉ ወዳጆቼ ይህን አንብበው በከተማቸው ባለ ቲሞቲ እንክብል ባለማግኘታቸው እንዳይጨነቁ እለምናለሁ። በወቅቱ ታጭዶ በጥላ የደረቀ ንጹሕ ሣር ሳያቋርጥ የሚቀርብላት፣ ልዩ ልዩ አረንጓዴ ቅጠልም የምታገኝ ጥንቸል ያለ እንክብል በጤና መኖር ትችላለች፤ እንክብል ለእርስዋ ድጋፍ እንጂ መሠረት አይደለም። በእንክብሉ ፈንታ ፉርሽካ ማብዛት ግን አይጠቅምም፤ ፎስፎረሱ የበዛ፣ ካልሲየሙ ያነሰ፣ ስታርችም ያለበት ነው። የዶሮ መኖ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጣት፤ በአንዳንዱ ውስጥ ለዶሮ በሽታ መከላከያ የሚጨመረው መድኃኒት ጥንቸልን ይመርዛታልና።

በመደብር ለምትገዙት ግን ፍርዱ አጭር ነው፤ በከረጢቱ ጀርባ ላይ የተጻፈው አሰር ከ18 በመቶ በታች ከሆነ፣ ልጁ ቢያለቅስም እንኳ፣ ከረጢቱን ወደ መደርደሪያው መልሱትና በዚያው ገንዘብ ጥሩ ድርቆሽ ግዙላት።