ከመዋጮው በፊት ደንቡ

ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ሲታሰብ አስቀድሞ የሚወራው ስለ ዓላማው መልካምነት ቢሆንም፣ ማኅበሩን የሚያጸናውም ሆነ የሚያፈርሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት አሠራር ነው፤ ገንዘቡ በማን እጅ እንደገባ፣ በእነማን ፊርማ እንደወጣ፣ መሥራቾቹ ከማኅበሩ ምን እንደሚያገኙና ምን እንደማያገኙ በጽሑፍ ተለይቶ ካልተቀመጠ፣ ቅን ሐሳብ ብቻውን የአባላትን እምነት ይዞ ሊዘልቅ አይችልም። ይህ በጣና ዳርቻ ለሚቋቋም ለማንኛውም ማኅበር የሚሠራ ሲሆን፣ በባሕር ዳርና በዙሪያዋ የአደን ውሻ ባለቤቶችን ለማሰባሰብ ለሚያስብ ቡድን ግን ጉዳዩ ከሌሎቹ ይከብዳል፤ እንዲህ ያለው ማኅበር ከገንዘቡ በተጨማሪ የሰውን ጤና፣ የዱር እንስሳትን ደኅንነትና የጎረቤትን ሰላም በአንድ ጊዜ የሚነካ ነውና።

የአደን ውሻ ሲባል በዚህ አካባቢ ለአደን ብቻ ተብሎ የተዳቀለ የተለየ ዝርያ ማለት አይደለም። በሐይቁ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ውሻው ሌሊት በረቱን ከጅብ ይጠብቃል፣ ቀን ማሳውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ይከላከላል፣ አልፎ አልፎም ባለቤቱን ተከትሎ ወደ ጫካ ይወጣል። አደን ራሱም ለሐይቁ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከደንገል በሚሠራው ታንኳ ላይ ሆነው ጉማሬ በማደን ይታወቁ የነበሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች የዚህ ታሪክ ዋና ባለቤቶች ናቸው። አንድ ውሻ ሦስት ሥራ የሚሠራ ከሆነ ግን ባለቤቱም ሦስት ዓይነት ፍላጎት ይዞ ወደ ማኅበሩ ይመጣል፤ አንዱ ክትባት ፈልጎ፣ ሁለተኛው ቡችላ ለመሸጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ አብሮ የሚያድን ባልንጀራ ፍለጋ ሊሆን ይችላል። በመተዳደሪያ ደንቡ፣ ማለትም የማኅበሩን ዓላማ፣ የአባላቱን መብትና ግዴታ፣ የአመራሩንም ሥልጣን በሚወስነው የመመሥረቻ ሰነድ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደተመረጠ በግልጽ ካልሰፈረ፣ አለመተማመኑ ከምሥረታው ዕለት ይጀምራል።

በከተማውም በገጠሩም ሕዝቡ ስለ ማኅበር ያለው ዕውቀት በአብዛኛው የተቀዳው ከዕድር ነው። ዕድር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በከተሞች በሰፊው የተስፋፋ፣ በቀብርና በሐዘን ጊዜ አባላት የሚረዳዱበት ተቋም ሲሆን፣ የተጠያቂነት ሥርዓቱ ብዙ ዘመናዊ ድርጅቶች የማይደርሱበት ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለየብቻ ይመረጣሉ፤ በስብሰባው ቀን ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ መዋጮው በአባላቱ ፊት ተቆጥሮ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ድስት በንብረት ያዡ ስም ተመዝግቦ ሲወጣም ሲመለስም ይቆጠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራው በዓይን የሚታይ ነው፤ ሐዘን በደረሰበት ቤት ደጃፍ ድንኳኑ ሲተከልና የዕድሩ ሰዎች ሲሰበሰቡ፣ እያንዳንዱ አባል የከፈለው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

የውሻ ባለቤቶች ማኅበር ይህ ዕድል የለውም። አባላቱ በአንድ ሰፈር የሚኖሩና ለዓመታት የሚተዋወቁ አይደሉም፤ የሚሰጠው አገልግሎትም፣ ለምሳሌ ክትባቱ፣ በውሻው ገላ ላይ ምልክት ሳይተው ያልፋል። ዓይን ያላየውን ነገር ሊያረጋግጥ የሚችለው መዝገብ ብቻ በመሆኑ፣ በዕድር ጉርብትና የሚሠራውን ሥራ እዚህ ጽሑፍ ሊሠራው ይገባል። መሥራቾች ብዙ ጊዜ «እርስ በርስ እንተማመናለን» ብለው ደንቡን ለኋላ ያቆዩታል፤ ይህ ግን የመተማመንን ቅደም ተከተል ማዛባት ነው፤ መሥራቾቹ እርስ በርሳቸው መተማመናቸው፣ እነሱን ጨርሶ ለማያውቅ ለሃምሳኛው አባል ምንም ዋስትና አይሆነውም።

ሕጉ በዚህ ረገድ የሚሰጠው መሠረት ደካማ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 404 ማኅበርን የሚተረጉመው ትርፍ ከማግኘት ወይም ከመከፋፈል ውጪ ለሆነ ውጤት የተደረገ የሰዎች ስብስብ አድርጎ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በድርጅቶች ላይ ባኖረው ጥብቅ ገደብ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትንና በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ የሚቋቋሙትን የሚመለከት በመሆኑ፣ በአማራ ክልል ብቻ የሚንቀሳቀስ ማኅበር የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ ነው፤ የአዋጁ መርሆች ግን ለማንም መሥራች ጠቃሚ መመሪያ ይሆናሉ። ከእነዚህ መርሆች አንዱ ድርጅቱ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ቢችልም ገቢውን ለአባላቱ ማከፋፈል እንደማይችል ይደነግጋል፤ ሌላው ደግሞ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ለትርፍ ያልቆመ መባል እንግዲህ ገንዘብ አለመያዝ ማለት አይደለም፤ የተያዘው ገንዘብ ወደ መሥራቾቹ ኪስ የሚመለስበት መንገድ የተዘጋ መሆኑ ነው።

የውሻ ማኅበር ዋና ፈተናም እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ለመመሥረት የሚነሣሣው ብዙውን ጊዜ ጥሩ ውሻ ያለው፣ የሚያራባና ቡችላ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ዕውቀቱ ለማኅበሩ ያስፈልጋል፣ ጥቅሙ ግን ከማኅበሩ ጥቅም ጋር ይጋጫል። ይኸው ሰው ሰብሳቢ ሆኖ የማኅበሩን ስም የራሱን ቡችሎች ለማስተዋወቅ ቢጠቀምበት፣ መድኃኒትና መኖ ከዘመዱ ሱቅ እንዲገዛ ቢወስን፣ ወይም የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ በእሱ ብቻ ፊርማ ቢንቀሳቀስ፣ አንድም ብር ሳይጎድል ማኅበሩ ሊፈርስ ይችላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ ያለ ነውና፣ የተመረጠ ሰው ንጹሕ መሆኑ ካልታየ ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃውም። መፍትሔው አርቢውን ማግለል ሳይሆን ጥቅሙን አስቀድሞ እንዲያስታውቅ፣ በሚነካው ጉዳይ ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ፣ ይህም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግ ነው። ሒሳቡን የሚመረምረው ሰው ደግሞ ከሥራ አመራሩ ውጪ፣ በጠቅላላ ጉባኤው የተመረጠና ለጉባኤው ብቻ የሚናገር መሆን ይኖርበታል።

ጣና ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ ቅርብና ከባድ ትምህርት ሰጥቷል። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ መታየቱ የታወቀው የእምቦጭ አረም በተስፋፋ ጊዜ፣ ገበሬው አረሙን በእጁ ሲነቅል፣ በከተማና በውጭ አገር የሚኖረው ኢትዮጵያዊም ገንዘብ አዋጥቷል፤ ማጨጃ ማሽኖችም ወደ ሐይቁ ገብተዋል። ከማሽኖቹ አንዳንዶቹ ያለ ሥራ መቆማቸው በመገናኛ ብዙኃን በተደጋጋሚ ሲዘገብ ግን፣ ብዙ ሰው የሰጠው ገንዘብ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ጥያቄው የግድ ሌብነትን የሚጠቁም አይደለም፤ ለነዳጅ፣ ለመለዋወጫና ለባለሙያ የሚወጣው ወጪ ከግዢው ጋር አብሮ ካልተነገረ፣ የቆመ ማሽን ያየ ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር የለም። የተሰበሰበውን ገንዘብ በአዳራሽ ማወጅ ቀላል ሲሆን፣ የወጣውን በየወሩ ዘርዝሮ መለጠፍ ግን አድካሚ ነው፤ የሕዝብ እምነት የሚገኘውም ከዚህ ከሁለተኛው ሥራ ነው።

ለውሻ ባለቤቶች ማኅበር ይህ አድካሚ ሥራ የሚጀምረው ከክትባት መዝገቡ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚገድል ሲሆን፣ በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ሥርጭቱን ለመግታትም በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶዎቹ መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ስለዚህ በመዝገቡ አንድ ገጽ ላይ የውሻው ስም፣ ፆታ፣ መልክ፣ የባለቤቱ ስምና ቀበሌ፣ ክትባቱ የተሰጠበት ቀን፣ የክትባቱ መለያ ቁጥር፣ የሰጠው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፊርማ፣ የተከፈለው ገንዘብና የደረሰኙ ቁጥር አብረው ሊሰፍሩ ይገባል። ያልተከተበን ውሻ እንደተከተበ አድርጎ መመዝገብ የሒሳብ ስህተት ሳይሆን በሰው ሕይወት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው፤ የሚነከሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕፃን ነው። በደጋው የአማራ ምድር፣ በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳ፣ በአገር ደረጃ ቁጥሩ ከ500 ያነሰው ቀይ ቀበሮም ከገጠር ውሾች በሚተላለፍ በዚሁ በሽታ የሚሰጋ እንስሳ ነው።

ስለ ንክሻ ኃላፊነት ሕጉ አጭርና ግልጽ ነው፦ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ድንገት ከቁጥጥሩ አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ ነው። ማኅበሩ ይህን ኃላፊነት ከአባሉ ላይ እንደማያነሣ ከመጀመሪያው መናገር አለበት፤ አባል ለመመዝገብ የቸኮለ መሥራች «ማኅበሩ ይከራከርልሃል» ብሎ የሚገባው ቃል በመጀመሪያው ክስ ይፈርሳል።

አደንን በተመለከተ ግልጽነቱ ከአባላት አልፎ ለመንግሥትና ለአካባቢው ሕዝብ ጭምር የሚደረግ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 አደንን በፈቃድ የሚመራ ሥራ ያደርገዋል፤ የጣና ሐይቅ አካባቢም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም የተፈጥሮ ጥበቃና የሰው ኑሮ ተጣጥመው እንዲሄዱ የሚሠራበት ቦታ ነው። በዚህ ላይ ወቅቱ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በዘለቀው የትጥቅ ግጭት ምክንያት ሰዎች በቡድን ሆነው ወደ ዱር መውጣታቸው ብቻውን ጥርጣሬ የሚያስከትልበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት የአደን ማኅበር ነኝ ብሎ መነሣት አባላትን ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል፤ ማኅበሩ ራሱን በውሻ ጤናና በሰብል ጥበቃ ላይ ወስኖ፣ ያለ ፈቃድ ያደነ አባል እንደሚሰናበት በደንቡ ቢጽፍ የሚጠቀመው ራሱ ነው።

ይህ ሁሉ ለትንሽ ማኅበር ይበዛል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ መሥራቾች ደመወዝ የላቸውም፣ ጊዜያቸውም አጭር ነው። ተቃውሞው እውነትነት ስላለው የሚጠየቀው ብዙ መጻፍ አይደለም። ሁለት ገጽ ደንብ፣ ባለ ተራ ቁጥር ደረሰኝ፣ ሁለት ፊርማ የሚጠይቅ የባንክ ሒሳብና በየሦስት ወሩ ለአባላት የሚነበብ የገቢና ወጪ ዝርዝር ከአንድ ዕድር አሠራር አይበልጥም፤ ይህን ደግሞ በባሕር ዳር ሰፈሮች ብዙ እናቶችና አባቶች ያለ ደመወዝ ሲሠሩት ኖረዋል። ስለዚህ በከተማዋም ሆነ በሐይቁ ዙሪያ የውሻ ባለቤቶችን ለማደራጀት የሚያስቡ ሰዎች ከማንም አባል አንድ ብር ከመቀበላቸው በፊት ደንቡን አጽድቀው፣ የራሳቸውን ጥቅም በስማቸው ጽፈው፣ የሒሳብ መርማሪውን አስመርጠው ይጀምሩ፤ አባል እንዲሆን የተጠየቀ ሰውም እነዚህን ሦስት ነገሮች በዓይኑ ሳያይ መዋጮ አይክፈል።