የልጆቻችንን መቅረት በዕለቱ ማወቅ መብታችን ነው፦ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች ማኅበር የአቋም መግለጫ

እኛ በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች 7ኛና 8ኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ልጆቻችን በትምህርት ገበታቸው ላይ ስለመገኘታቸውና ትምህርት ቤት ለቤተሰብ ስለሚሰጠው መረጃ በጠቅላላ ጉባኤያችን በስፋት ተወያይተን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 7ኛና 8ኛ ክፍልን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለብቻ አቁሟቸዋል። ደረጃው ሁለት ዓመት፣ ማለትም አራት መንፈቀ ዓመት ብቻ ነው፤ መጨረሻውም የ8ኛ ክፍል ፈተና ነው። አንድ መንፈቀ ዓመት የባከነበት ልጅ የደረጃውን ሩብ አጥቷል። ታች ክፍል ሳለ አንድ መምህር ቀኑን ሙሉ ያየው የነበረ ልጅ፣ እዚህ ሲደርስ በየክፍለ ጊዜው መምህር ይቀያየርበታል። ስም የሚጠራው ግን በአብዛኛው ጠዋት፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። «አቤት» ብሎ ከዕረፍት በኋላ አጥር የዘለለ ተማሪ በስም መጥሪያው ላይ ሙሉ ቀን እንደተማረ ይቆጠራል። ልጆቹ ይህን «መፎረፍ» ይሉታል። ቃሉ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ ዛሬ ከአጥሩ ወዲያ የሚጠብቃቸው ግን ውርርድ ቤትና ሺሻ ቤት ነው።

በጉባኤው ላይ አንዲት አባላችን የልጇን ካርድ ይዛ ቀርባለች። ካርዱን የተቀበለችው በጥር ወር ሲሆን፣ «የቀረበት ቀን» በሚለው መስመር ላይ 27 ተጽፏል። በየጠዋቱ ቀስቅሳ፣ ዩኒፎርሙን ተኩሳ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ የሸኘችው ልጅ ነው። ስታስመዘግበው ቅጹ ላይ የሞላችው ስልክ ቁጥር ያኔም ይሠራ ነበር፣ አሁንም ይሠራል። በእነዚያ 27 ቀናት ከትምህርት ቤቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደወለላትም። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ብዙዎቻችን የየራሳችንን ልጅ ካርድ አስታውሰናል።

ልጅ ቀርቶ ሲገኝ የሚወሰደው እርምጃም ችግሩን ያባብሰዋል። «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ከክፍል ይወጣል። መልእክቱን እንዲያደርስ የሚላከው ግን ያው የቀረው ልጅ ነው። ስለዚህ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ወይም ልጁ ከሰፈር አንድ ሰው ለምኖ፣ አንዳንዴም ከፍሎ፣ አጎቴ ነው ብሎ ያቀርባል። ሰውየው ይፈርማል፣ ልጁ ይገባል፣ እናት አታውቅም። የሚያቀርበው ሰው ያጣ ልጅ ደግሞ ከበር ይመለሳል። ቀረህ ተብሎ የተቀጣ ልጅ በቅጣቱ ምክንያት እንደገና ቀሪ ይሆናል። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በሩ የሚዘጋበት አርፋጅም ዕጣው ይኸው ነው። ከመሐል ከተማ ተነሥተው ዳር የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች በጨለማ ተነሥተው የታክሲ ሰልፍ እንደሚይዙ ትምህርት ቤቶች ያውቃሉ ብለን እናምናለን።

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል፤ በትምህርት ቤት የሚፈጸም አካላዊ ቅጣትንም ይከለክላል። አገራችን ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 28 ልጆች አዘውትረው ትምህርት ቤት እንዲገኙና ማቋረጥ እንዲቀንስ እርምጃ የመውሰድ ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። ከዚህ አንጻር ልጁን ከበር መመለስ ግዴታውን መወጣት አይደለም። የልጁን መቅረት ለቤተሰብ መንገርም የትምህርት ቤት ውለታ ሳይሆን ሥራው ነው።

መምህራንን ለመክሰስ አልተሰበሰብንም። በተጨናነቀ ክፍል፣ በወረቀት ስም መጥሪያ የሚሠሩ መሆናቸውን እናውቃለን። እኛም ከጥፋት ነጻ አይደለንም። ለገበያ ሥራ፣ ለታመመ ሰው ማስታመሚያ፣ ለሕፃን ጥበቃ ብለን ልጅ የምናስቀረው እኛው ነን፤ የምትቀረውም አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ልጅ ናት።

በእነዚህ ምክንያቶች ማኅበሩ የሚከተሉትን አቋሞች ወስዷል፦

1. ልጅ ያለፈቃድ ሲቀር ወላጅ በዚያው ዕለት፣ ከምሳ ሰዓት በፊት፣ በስልክ ጥሪ ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሊነገረው ይገባል። የቴሌግራም ቻናል ይህን አይተካም፤ ብዙ አባሎቻችን የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው።

2. ስም ከዕረፍት በኋላም ይጠራ።

3. በመቅረት ወይም በማርፈድ ምክንያት ማንኛውም ልጅ ከትምህርት ቤት በር እንዳይመለስ፣ ከክፍል እንዳይወጣ፣ እንዳይንበረከክም። ወላጅ የሚፈለግ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይጥራው፤ ወላጁ እስኪደርስ ልጁ ይማር።

4. ለልጁ ተጠሪ የሚሆነው ሰው ማንነት በምዝገባ ጊዜ ከነፎቶግራፉ ይያዝ። ከዘመድ ጋር ወይም በሰው ቤት እየሠሩ የሚማሩ ልጆች የሚያሳድጋቸው ሰው በግልጽ ይመዝገብ፤ ተጠሪ አጥተው በቅጣት ላይ ቅጣት የሚደራረብባቸው በተለይ እነሱ ናቸውና።

5. ልጅ ከመቀጣቱ በፊት ለምን እንደቀረ ይጠየቅ። በወር አበባ ምክንያት በየወሩ የሚቀሩ ሴት ተማሪዎች መፍትሔያቸው ውኃ ያለው መጸዳጃ ቤት፣ የንጽሕና መጠበቂያና የሚቀየርበት ክፍል ነው። ይህ በየትምህርት ቤቱ እንዲሟላ እንጠይቃለን።

6. የማኅበሩ አባላት በትምህርት ቀን ልጅን ለቤት ውስጥ ሥራ ላለማስቀረት፣ ስልክ ቁጥር ሲቀየር በሳምንት ውስጥ ለማሳወቅ፣ ከትምህርት ቤት ሲጠሩም በአካል ለመቅረብ ቃል ገብተዋል። ይህን የማይፈጽም አባል በማኅበሩ ይጠየቃል።

7. ወላጅ ሳይነገረው የተጠራቀመ የቀሪ ቀን ልጅን ከፈተና ለማገድ ወይም ክፍል ለማስደገም ምክንያት ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያለ ውሳኔ የተላለፈበት ልጅ ቢኖር ማኅበሩ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ አቤቱታውን በየደረጃው ላሉ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ያቀርባል፤ ውሳኔው እስኪሻርም አይመለስም።

የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ