በሦስት ጨዋታ አይፈረድም!

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፤

እንደምታውቁት የቅርጫት ኳስ ቡድናችን የዘንድሮውን ውድድር ከጀመረ ገና ሦስት ጨዋታው ነው። አንዱን አሸንፎ ሁለቱን ተሸንፏል። ይህ በሆነ በሳምንቱ «አሠልጣኙ ይነሣልን» የሚል ወረቀት ለፊርማ ከቤት ቤት ይዞር ጀመር። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ቅጣት ምት የሳተው ልጅ ደግሞ በሱቁ በር ሲያልፍ ስለተሰደበ ልምምድ አቁሟል። ኧረ ምን ነካን? ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው?

ወረቀቱን ይዘው የሚዞሩት ወገኖች «ቡድኑ አለቀለት፤ ነገሩ ከጅምሩ ይታወቃል» ይላሉ። እኛ ግን አይታወቅም እንላለን። ማስረጃም አለን።

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው ማያሚ ሂት ሌብሮን ጄምስንና ክሪስ ቦሽን አስመጥቶ ከድዌይን ዌድ ጋር አሰለፈ። ሰው ሁሉ ዋንጫውን ከወዲሁ ሲሰጠው፣ ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 17 ጨዋታዎች ያሸነፈው 9ኙን ብቻ ሆነ። ያኔ በአሠልጣኙ በኤሪክ ስፖልስትራ ላይ ብዙ ተጮኸ። ኃላፊዎቹ ግን አላነሡትም። ቡድኑ በዚያው የውድድር ዘመን ከ82 ጨዋታ 58ቱን አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው በዳላስ ቢሸነፍም፣ በዚያው አሠልጣኝ እየተመራ በ2012 እና በ2013 ዋንጫውን በተከታታይ ወሰደ።

ጅምር ሲያምርም እንዲሁ ያታልላል። ጎልደን ስቴት በ2015 ውድድሩን ሲጀምር 24 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ በጠቅላላው ከ82 ጨዋታ 73ቱን ወሰደ። በ2016 ፍጻሜ ላይ ግን 3 ለ1 ሲመራ ቆይቶ በክሊቭላንድ 4 ለ3 ተረታ። ስለዚህ በመጀመሪያው ድላችን ማግሥት «ዋንጫው የኛ ነው» ብላችሁ የጨፈራችሁም ሂሱ ይመለከታችኋል።

«እንግዲያው ዝም ብለን እንይ ወይ?» የሚል ይኖራል። የለም፤ ዝም አንበል፤ ግን አይተን እንናገር። በመጀመሪያ፣ የተሸነፍነው በማን ሜዳና በማን ነው? በሁለት ነጥብ መሸነፍና በሃያ ነጥብ መሸነፍስ አንድ ነው እንዴ? ከሩቅ የሚወረወር ኳስ አንድ ቀን ይገባል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል፤ በሦስት ጨዋታ ይኼን ቆጥሮ መፍረድ በዕጣ መፍረድ ነው። ኳስን በከንቱ አለማስነጠቅ፣ ተቃራኒ ሲያጠቃ ወደ ኋላ ሮጦ መከላከል፣ ተመልሶ ለሚነጥር ኳስ መዝለል፣ እነዚህ ግን በተጫዋቹ እጅ ያሉ ናቸው። መጠየቅ ያለብን በእነዚህ ነው። የመጀመሪያው ዙር እስኪያልቅ ድረስ በእነዚህ ካልተሻሻሉ ስብሰባ ይጠራ፤ አሠልጣኙም በሁላችን ፊት መልስ ይስጥ። ያን ጊዜ እጃችንን ለማውጣት እኛም ወደ ኋላ አንልም።

ደግሞስ አሠልጣኙ ቢነሣ ማን ሊተካው ነው? ሰውዬው ከሥራ መልስ ያለ አንዳች ክፍያ ልጆቻችንን የሚያሠለጥን ነው። ወረቀቱ ላይ የተተኪው ስም የለም።

በመሆኑም ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ዙር እስኪያልቅ ማንም አይፈርም፤ የፈረመም ስሙን ይሰርዝ። ሁለተኛ፣ ልጁን የሰደባችሁ ወንድሞች ቤቱ ሄዳችሁ፣ ወላጆቹ ባሉበት ይቅርታ ጠይቃችሁ፣ ወደ ልምምድ ይዛችሁት ኑ። ሦስተኛ፣ ትችት ያለው ሰው በልምምድ ሰዓት ሜዳ ድረስ መጥቶ ለአሠልጣኙ ፊት ለፊት ይንገረው እንጂ በየሱቁ በር አያውራ።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። እኛ ደግሞ የገዛ ልጆቻችንን እንዳንነክስ!

አንድ የሰፈሩ ነዋሪ