ከደብዳቤ የተቆረጠች ጥቅስ

የዕለቱ ንባብ፦ ኤርምያስ 28፥1 እስከ 29፥14፤ መዝሙር 88



ዛሬ የምንጽፈው አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ነገር ግን በጎቹ ገለባ ሲበሉ እያየ ዝም የሚል እረኛ፣ እረኛ አይባልም።

በመካከላችን የዕለት ጥሞና እየሞተ ነው። የገደለው ስደት እንዳይመስላችሁ። በየማለዳው በቴሌግራምና በፌስቡክ የምትመጣው፣ በአበባ ሥዕል ያጌጠች አንዲት ቁራጭ ጥቅስ ናት። እናያታለን፣ "አሜን" ብለን እንጽፍባታለን፣ ለአሥር ሰው እንልካታለን። ከዚያም የዕለቱን ቃል እንደ ተመገበ ሰው ወደ ሥራችን እንሄዳለን። መጽሐፉ ግን በመደርደሪያው ላይ እስከ እሑድ አቧራ ይጠጣል።

ደጋግመው ከሚላኩት ጥቅሶች አንዷ ኤርምያስ 29፥11 ናት፤ እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሰላምና የተስፋ ሐሳብ እንዳለው የምትናገረው። እውነተኛ ቃል ናት፤ እኛም እንወዳታለን። ግን ከየት ተቆርጣ እንደ መጣች ስንቶቻችን እናውቃለን?

የተቆረጠችው ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ወገኖቹ ከላከው ደብዳቤ ነው። ከእርሷ በፊት ያለው ቁጥር ምርኮው 70 ዓመት እንደሚፈጅ ይናገራል። ደብዳቤውን ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩም ማለት ነው። ከፍ ብሎ ደግሞ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆች እንዲወልዱ፣ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዛል። በመካከላቸው ያሉ ነቢያት እንዳያታልሏቸውም ያስጠነቅቃል። የዚያን ዘመን ነቢይ በምዕራፍ 28 እናገኘዋለን። ሐናንያ ሁሉ ነገር በ2 ዓመት ውስጥ እንደሚመለስ ሰበከ፤ ከኤርምያስም አንገት ላይ የእንጨቱን ቀንበር ወስዶ ሰበረ። ሕዝቡ ፊት ያ ስብከት እንዴት ይጥም እንደ ነበር መገመት አያቅትም። ሐናንያ ግን በዚያው ዓመት ሞተ፤ ምርኮውም ቀጠለ።

እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ። የችኮላ ሰላም የሚሰብኩትን ለመገሠጽ የተጻፈ ደብዳቤ ተቆርጦ፣ ዛሬ የችኮላ ሰላም ለሚሰብኩ ማስታወቂያ ሆኗል። የኤርምያስን ቃል በሐናንያ አፍ እየሰማን ነው።

ይህ ለእኛ ለቆቦና ለራያ ቆላ ሰዎች የመምህራን ክርክር ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማችን ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በዚያ ሥር ቆየን። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ዳግመኛ ተመለሰ። ዓመት ሳይሞላው በክልላችን ሌላ ጦርነት ተነሣ። በዚህ ሁሉ መካከል "በዚህ ወር ያልቃል" የሚል መልእክት ከጥቅስ ጋር ተለጥፎ ሲመጣ፣ ስንቶቻችን "አሜን" ብለን አሳለፍነው! ልጇ ከሄደበት ያልተመለሰላት አንዲት እናት ጥቅሱን በስልኳ ይዛ መጣችና፣ "ፓስተር፣ ቃሉ ለኔ ሳይሠራ የቀረው እምነቴ አንሶ ነው?" አለችን። ያንን ሸክም ጫንቃዋ ላይ የጫንነው እኛው ነን። መዝሙር 88ን ያነበበላት ሰው አልነበረም። ያ መዝሙር በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያበቃል፤ እግዚአብሔር ግን ከመጽሐፉ አላወጣውም። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ የጮኸው ከመዝሙር 22 ነው። ሙሉውን ቃል ሰጥተናት ቢሆን ኖሮ፣ ለቅሶዋ ራሱ ጸሎት እንደ ሆነ ታውቅ ነበር።

ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችንን "በልማድ ይጸልያሉ" እያልን ስንተች ኖረናል። እነርሱ ግን ዳዊትን በሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው 150ውን ሲደግሙ፣ የመረረውንም የጣፈጠውንም ያልፉበታል። እኛ "የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ነን" የምንለው ማር ማሩን ብቻ ልሰን እንነሣለን። ልናፍር ይገባናል።

በምድረ በዳ ከመዝሙር 91 ቆርጦ ለጌታ ያቀረበለት ማን እንደ ነበር አስታውሱ። ጌታም በስሜት አልመለሰለትም፤ ከኦሪት ዘዳግም 6 እና 8 መለሰለት። ዘዳግምን ያላነበበ ክርስቲያን በዚያ ቀን ምን ይመልስ ይሆን?

"አንዲት ጥቅስም ታጽናናለች፤ ገበሬውና ነጋዴው ጊዜ የለውም" የምትሉን አላችሁ። አዎን፣ መንፈስ ቅዱስ በአንድ ቁጥር ልብን ሊያነሣ ይችላል። ግን የአገራችንን ገበሬ ጠይቁት። ከተራራው በጎሊናና በሆርማት የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን የሚያጠጣው፣ ቦዩን የሚጠርገው ጎርፉ ሳይመጣ ነው። ጎርፉ በሌሊት ሲደርስ ያልተጠረገ ቦይ አይጠቅመውም። ሰብሉን የሚያቆመውም ወደ አፈሩ ጠልቆ የሰረገው ውኃ ነው፤ ላዩን ያረጠበውን ካፊያ ፀሐይ እስከ ቀትር ትወስደዋለች። መብራትና ስልክ በጠፋባቸው በእነዚያ ወራት ይህን በራሳችን አየነው። ኔትወርኩ ሲሄድ ጥቅሷም አብራ ሄደች። በኩራዝ መጽሐፉን ገልጠው ያነበቡ፣ በልባቸውም ያኖሩት ግን የሚጸልዩበት ቃል አላጡም። በደርግ ዘመን መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ፣ ምእመናኗ በየቤቱ በትናንሽ ቡድን ቃሉን እያጠኑ ቆዩ፤ በሩ ሲከፈት ቁጥራቸው ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ እኛ መጋቢዎች አስቀድመን ንስሐ እንግባ፤ ቁራጩን ከመድረክ ያስለመድናችሁ እኛ ነንና። ከነገ ጀምሮ ደግሞ አብረን እንዲህ እናድርግ። አንድ መጽሐፍ እንምረጥ፤ በተራ፣ ሳንዘል፣ በቀን አንድ ምዕራፍ እናንብብ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ተማሪው ልጅ ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ይህ ለማን ተነገረ? ስለ እግዚአብሔር ምን ገለጠልን? ዛሬ ምን እንድናደርግ ያዘናል? መልሱን ወደ ጸሎት እንለውጠው። ምዕራፉ የሚያለቅስ ከሆነ እናልቅስ፤ የሚገሥጸን ከሆነ ዝም ብለን እንገሠጽ። ኤርምያስ እንዳዘዘውም ስለምንኖርባት ከተማ፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳንል ስለ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም እንጸልይ። ስልኩን ከዚያ በኋላ እናነሣዋለን።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ ከቃልህ የጣፈጠንን ብቻ ቆርጠን ስለ ወሰድን ይቅር በለን። ሰላም እስክትሰጠን ድረስ ቤት የምንሠራበትን፣ የምንዘራበትን፣ የምንታገሥበትንም ጸጋ ስጠን። ልጆቻቸውን ያጡትን አስብ። ለቆቦና ለራያ ምድር ሰላምን አውርድ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።