ካሜራው የማን ወገን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ፣ በመኝታ ክፍላችን አንዲት ላፕቶፕ ከበን «1917» የተባለውን ፊልም አይተን ስንጨርስ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ይኼ ነው ፊልም! ከዚህ በላይ ቴክኒክ የለም» አለ። ሌላው ቀስ ብሎ «ጦርነቱ ስለ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም» ቢለው፣ «ተወው ባክህ! ዋናው ስሜቱ ነው፤ ቴክኒክ ወገን የለውም» ብሎ አፉን አስያዘው። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። እኛ ግን ዝም ብለን ልናልፈው አልሆነልንም። ቴክኒክ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ወገን ላይኖረው ይችላል፤ ስክሪን ላይ ሲወጣ ግን ወገን ሳይዝ አይወጣም እንላለን።

በመጀመሪያ የማይካደውን አንካድ። ሳም ሜንዴስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ይህ ፊልም፣ ረዣዥም ቀረጻዎች መጋጠሚያቸው ተደብቆ አንድ ወጥ ጉዞ እንዲመስሉ ሆኖ የተሠራ ነው። ካሜራማኑ ሮጀር ዲኪንስም ኦስካር ተሸልሞበታል። ጭንቀቱ ከየት ይመጣል ቢሉ፣ ካለመቆረጡ ነው። በሌላ ፊልም ትዕይንቱ ሲቆረጥ ተመልካች እፎይ ይላል፤ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ የሚመጣውን አደጋ ከባለታሪኩ ቀድሞ ያያል። እዚህ ግን ወታደሩ የምሽጉን ጥግ እስኪዞር እኛም አንዞርም። ጎበዝ ሥራ ነው! ነገር ግን ያው ያስጨነቀን ገመድ ዓይናችንንም አሥሮታል። አንድ ሺህ ስድስት መቶ እንግሊዛውያን እንዲድኑ መልእክቱ መድረስ አለበት፤ ይህን እናውቃለን። እነዚያን ወጣቶች ከወዲህም ከወዲያም ጉድጓድ ውስጥ የከተታቸው ማን ነው? ወደዚያ ለመዞር ካሜራው ጊዜ የለውም፤ ይሮጣላ!

የድምፅን ነገር እንይ። ኤሌም ክሊሞቭ እ.ኤ.አ. በ1985 በሠራው «ና እና እይ» በተሰኘው የሶቪየት ፊልም፣ ቦምብ ሲፈነዳ የልጁ የፍልዮራ ጆሮ ይደነቁራል፤ እኛም አብረነው እንደነቁራለን፣ እዝዝዝ የሚል ብቻ ይሰማናል። ስቲቨን ስፒልበርግም እ.ኤ.አ. በ1998 «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» ላይ፣ በኦማሃ ባሕር ዳርቻ የሻምበሉን ጆሮ እንዲሁ ያደነቁረዋል። ዘዴው አንድ ነው፤ ትርጉሙስ? ሻምበሉ ጆሮው ይመለስለታል፣ ይነሣል፣ ሰዎቹን ይመራል፣ ግዳጁን ይቀበላል። ከሃያ ደቂቃ በላይ ያለ ሙዚቃ፣ የካሜራው ሻተር ጠቦ፣ የአሸዋው ፍንጣሪ አንድ በአንድ እየታየ፣ ሞት ምክንያት እንደሌለው ሲነግረን የቆየ ፊልም በባንዲራ ተጀምሮ በባንዲራ ያልቃል። የፍልዮራ ግን ሌላ ነው። ያ ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊቱ ይጨማደዳል፤ ካሜራው ያንን ፊት አቅርቦ ይይዘዋል፤ ልጁም ቀጥ ብሎ እኛን ያየናል። ማምለጫ የለንም። ፊልሙም በቤላሩስ 628 መንደሮች ከነነዋሪዎቻቸው እንደተቃጠሉ በጽሑፍ ነግሮን ይዘጋል። አንዱ ደንቁሮ ዳነ፤ ሌላው ደንቁሮ አረጀ። ታዲያ ቴክኒክ ወገን የለውም?

ወደ ሰፈራችን እንቅረብ። ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው «ብላክ ሆክ ዳውን» እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 እና 4 ቀን 1993 በሞቃዲሾ ስለተደረገው ውጊያ ነው፤ የተቀረጸው ግን ሞሮኮ ውስጥ ነው። በኤዲቲንግና በድምፅ ኦስካር ወስዷል፤ ይገባዋልም። ቅንብሩ ልብ ያቆማል። ነገር ግን ያ ፈጣን ቅንብር ለማን ጊዜ ሰጠ? አሜሪካዊው ወታደር ስሙ የራስ ቁሩ ላይ ተጽፏል፤ ሲቆስል ካሜራው አጠገቡ ይንበረከካል፤ እናቱን ያስታውሳል፣ ሙዚቃ ያለቅስለታል። ሶማሌው ግን ከጣሪያ ላይ ብቅ ይላል፣ ይተኩሳል፣ ይወድቃል። መጨረሻ ላይ ፊልሙ ራሱ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ሶማሌዎችና 19 አሜሪካውያን ሞቱ ይለናል። ለአሥራ ዘጠኙ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ለሺው አንዲት መስመር! እነዚያ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። እኛም ፊልሙን ስናይ ትንፋሻችንን የያዝነው ለማን እንደነበረ እናስታውስ። እናፍራለን።

«እንግዲያው የምትፈልጉት ስብከት ነው» የሚሉን አይጠፉም። የለም! ስብከትማ ተመልካችን ያስተኛል። እኛ የምንለው እንደ ጊሎ ፖንቴኮርቮ «የአልጀርስ ጦርነት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራ፣ በጥቁርና ነጭ፣ የዜና ፊልም እስኪመስል ድረስ የተንቀጠቀጠ፤ ሆኖም አንድም የእውነት የዜና ፊልም ያልገባበት። ተዋንያኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም የመንገድ ሰዎች ናቸው፤ በትግሉ ውስጥ መሪ የነበረው ሳዲ ያሴፍ ራሱ ይጫወትበታል። ፊልሙ ከአልጄሪያውያን ጎን መቆሙን አይደብቅም። ግን ቦምብ የያዘችው ሴት ካፌው ውስጥ ስትቀመጥ፣ ካሜራው በዓይኗ የፈረንሳዮቹን ፊት አንድ በአንድ ያያል፤ አይስክሬም የሚልሰውን ሕፃን ሳይቀር። በካዝባ ፍርስራሽ ሥር ለሞቱት አልጄሪያውያን የተሰማው ሙዚቃ፣ በካፌው ለሞቱት ፈረንሳዮችም ይሰማል። ወገን መያዝ ማለት የሌላውን ሬሳ መደበቅ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ያሳየን ፊልም አላየንም።

ለምን ይህን ያህል እንጨቃጨቃለን? የፊልም ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን የተካሄደውን ጦርነት ብዙዎቻችን ያየነው በስልክ ነው። ፉከራ ተደርቦበት፣ ታንኩ በዝግታ እንዲሄድ ተደርጎ፣ አቧራው አምሮ። እነዚያ ሁለት ደቂቃ የማይሞሉ ቪዲዮዎችም ቴክኒክ ነበራቸው። ደማችን ፈላ፤ ላክን፣ ተቀባበልን። ከፍሬሙ ውጪ የወደቀው እኩያችን እንደነበረ ያሰበ ጥቂት ነው። ያን ማታ «አልገባኝም» ያለው ጓደኛችን ደግሞ ጦርነቱ በደጁ ያለፈ ልጅ ነው። እኛ «ስሜቱ» እያልን ስንጨዋወት እሱ ዝም ያለው ስሜቱ ስለጠፋው አልነበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ስለዚህ ፊልም አንይ አላልንም፤ እንይ! ግን ስናይ እንጠይቅ፤ የማን ትንፋሽ ነው የሚሰማን? ፊቱ ቀርቦ የሚታየው ማን ነው? ሙዚቃውስ ለማን ያለቅሳል? በዚህ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ ለመመለስ ዝግጁ ነን። ያን ጓደኛችንን ግን ሳናስጨርሰው ስላለፍን፣ በቅድሚያ እሱን እንስማ።