ስለ ቤት ዋይፋይ መቆራረጥ



ባለፈው ወር በአንድ እሑድ በሐይቅ ከተማ ወደ አንድ ወዳጃችን ቤት ገብተን ነበር። የቤቱ እመቤት ልጃቸው በዐረብ አገር ሠራተኛ ናትና፥ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ መልስ በዋይፋይ መልኳን እያዩ ያነጋግሯታል። በዚያን ቀን ግን ልጅቱ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ ምስሏ ደርቆ ቀረ፤ ሦስት ጊዜ ተደውሎ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ነገሩ ሲመረመር ራውተሩ በሳምንቱ መካከል ሌሊት ፈርምዌሩን በራሱ ያደሰ መሆኑ ታወቀ። ታናሽ ወንድሟም መርፌ ይዞ የሪሴቱን ቀዳዳ ሊወጋ ተነሣ። እኛም «ቆይ ልጄ፥ አስቀድመን በሽታውን እንወቅ» አልነው።

ፈርምዌር ማለት በራውተሩ ውስጥ ተጽፎ የሚኖር፥ መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። እድሳቱ ሌቦች የሚገቡበትን ቀዳዳ ይደፍናልና ጠቃሚ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ እኛ የመረጥነውን አሠራር ይለውጠዋል። ስለዚህ ጥፋቱን በተራ መፈለግ ይገባል።

አንደኛ፥ ራውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ካቆዩ በኋላ መልሶ መሰካት ነው። እድሳቱ በመካሄድ ላይ ሳለ ግን ከቶ አይነቀል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓትም እድሳት አይጀመር፤ በመካከል የቀረ እድሳት መሣሪያውን ጨርሶ ሊያበላሸው ይችላልና።

ሁለተኛ፥ በሽታው የመስመሩ ነው ወይስ የዋይፋዩ ብሎ መለየት ነው። ኮምፒዩተር ያለው ሰው በገመድ ከራውተሩ ጋር ያገናኘው። በገመድ ደኅና ሠርቶ በዋይፋይ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ መድኃኒቱ በቤት ውስጥ ይገኛል፤ በገመድም ከተቆራረጠ አገልግሎት ሰጪውን መጥራት ይሻላል። ኮምፒዩተር የሌለው ስልኩን ይዞ ከራውተሩ አጠገብ ይቁም፤ እዚያ ደኅና ሆኖ ጓዳ ሲገባ የሚጠፋ ከሆነ ድካሙ የዋይፋዩ ነው።

ሦስተኛ፥ ሞገዱን መመልከት ነው። ብዙ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ። የ2.4 ጊጋኸርዙ ዝግ ቢልም ግድግዳ አልፎ ይሄዳል፤ የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፥ ነገር ግን በድንጋይ ግድግዳ ፊት ይደክማል። እድሳቱ ሁለቱን በአንድ ስም ያዋሐዳቸው እንደ ሆነ፥ ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ይቋረጣል፤ ስለዚህ በሁለት ስም መለየት መልካም ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻናል 1፥ 6 ወይም 11 አንዱ ይመረጥ፤ እነዚህ እርስ በርሳቸው አይጋጩምና። በ5 ጊጋኸርዝ ከ36 እስከ 48 ያሉት ይሻላሉ፤ ከ52 እስከ 144 ባሉት ላይ ራውተሩ ራዳር የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ለቆ እንዲሄድ የታዘዘ ነውና።

አራተኛ፥ የጥበቃውን ዓይነት ማየት ነው። ደብልዩ ፒ ኤ 3 የተባለው ጥበቃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የወጣ ስለ ሆነ ብዙ አሮጌ ስልኮች አያውቁትም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ በአምባሰል፥ በውጫሌ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ አማርኛውና ጣልያንኛው ስላልተስማሙ ያስከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። ራውተርና ስልክም በአንድ ቋንቋ ካልተዋዋሉ ሰላም የላቸውም። ስለዚህ ጥበቃው ወደ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ይመለስ፤ ከዚያም ስልኩ የድሮውን ግንኙነት እንዲረሳ ተደርጎ የይለፍ ቃሉ እንደ ገና ይጻፍ። ጥበቃውን ጨርሶ ማንሣት ግን በርን ከፍቶ እንደ ማደር ነው።

ሪሴት የመጨረሻው መንገድ ነው። አገልግሎት ሰጪው ያስገባውን የመጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃል ሊያጠፋ ይችላልና፥ እነዚህን አስቀድሞ በቤቱ ደብተር መጻፍ ያስፈልጋል።

በወዳጃችን ቤት የተገኘው ጥፋት ሦስተኛው ነበር። እናት ሁልጊዜ የሚያነጋግሩት በጓዳ ተቀምጠው ነው። ልጁ ሞገዶቹን በሁለት ስም ለይቶ የእናቱን ስልክ በ2.4 ላይ አገናኘው። ወዲያው ተደወለ፤ እመቤቲቱም «ልጄ፥ ከስተሻል፤ ምሳ በልተሻል?» ሲሉ ሰማን። በዚያን ቀን ንግግሩ አልተቋረጠም። መርፌውም ወደ መስፊያ ሣጥኑ ተመለሰ።